ፕራይም ነምበር ፍለጋ ልትገቡ ከሆነ እኔ የተሳሳትኩትን አትድገሙ

ጊምፕስን ለማታውቁ፣ በፈረንጅ 1996 የተጀመረ ነው፣ ሰው በፈቃዱ ኮምፒውተሩን ትልልቅ ፕራይም ነምበር (ትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር ያሉንን) እንዲፈልግ ያሰማራዋል። ፕሮግራሙ ፕራይም95 ይባላል፣ ነፃ ነው። እኔ አራት ኪሎ ከተከራየሁት ክፍል ሆኜ በአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው የማስኬደው።

አንደኛው ስህተት ለብር ብሎ መግባት ነው። 3 ሺህ ዶላር ሽልማት አለ፣ ትልቁ የ150 ሺህ ዶላር ሽልማት ግን 100 ሚሊዮን አሃዝ ላለው ፕራይም ነው፣ በጥቅምት 2024 የተገኘው ደግሞ 41,024,320 አሃዝ ነው፣ ያንንም ሉክ ዱራንት ያገኘው በ17 አገር የክላውድ ጂፒዩ (በኢንተርኔት የሚሰራባቸው ኃይለኛ የስሌት ቺፖች) አሰልፎ ነው። ለእኛ ሎተሪ ነው በሉት፣ ሎተሪ እንኳ የመብራት ሂሳብ የለውም 😂

ሌላው፣ ውጤቱ "ፕራይም አይደለም" ሲል ፕሮግራሙ ተበላሸ ብሎ ማሰብ ነው። የምንፈትነውን ቁጥር የምናገኘው 2ን በራሱ ደጋግመን አባዝተን 1 በመቀነስ ነው፣ ስንት ጊዜ የሚለው ቁጥር ፕራይም መሆን አለበት ግን እሱ ብቻ አይበቃም። 11 ፕራይም ነው አይደል፣ 2ን 11 ጊዜ አባዝታችሁ 1 ስትቀንሱ 2047 ይመጣል፣ እሱ ደግሞ 23 ሲባዛ በ89 ነው።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ሙቀትና መብራት ነው። ስሌቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ማባዛት ተያይዞ የሚሄድ ስለሆነ ማሽኑ ግሎ አንዷን ከሳተ የቀረው ሁሉ ይበላሻል፣ አሁን ያለው ፒአርፒ ቴስት (ቁጥሩ ፕራይም መሆኑን የሚፈትነው ስሌት) ስህተቱን መሃል ላይ ይይዘውና ወደ ኋላ ተመልሶ ይጀምራል፣ ጊዜያችሁ ግን ሄደ። ስለዚህ ፋኑን ከአቧራ አጽዱ፣ ላፕቶፕ ከሆነ አልጋ ላይ አታድርጉት። መብራት ደግሞ ያው ታውቁታላችሁ፣ ፕሮግራሙ ሳትነኩት በየ30 ደቂቃው ነው ሴቭ የሚያደርገው፣ ሴቲንግ ገብታችሁ 5 አድርጉት። እኔ ሳላውቅ ስንቴ ከሰርኩ መሰላችሁ።

ኢንተርኔት ሁልጊዜ አይፈልግም፣ መጨረሻ ላይ የሚላከው የማረጋገጫ ፋይል ግን ከመቶ ሜጋ ሊያልፍ ይችላል፣ ፓኬጅ ሳይኖራችሁ እንዳይደርስባችሁ። የተሰጣችሁን ቁጥር ይዛችሁ መጥፋትም ነውር ነው፣ ጊዜው ሲያልፍ ለሌላ ይሰጡታል።

ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ደግሞ ለአከራይ ሳትነግሩ እንዳትጀምሩ። እኔ ዝም ብዬ ሁለት ወር አስኬድኩት፣ ቢሉ ሲመጣ ግቢው ሁሉ ተነሳብኝ፣ እማማም "ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ምን እየጋገርክ ነው?" አሉኝ። አሁን ለብቻዬ እጨምራለሁ።