የቫን ዳይክን እመቤት በዘይት ቀለም እንዴት መቅዳት ይቻላል?

ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ። ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት መግቢያው ነፃ ነው፤ አንቶኒ ቫን ዳይክ እ.ኤ.አ. በ1623 ጣሊያን፣ ጄኖዋ ላይ የሳላት የመኳንንት ወገን እመቤት፣ ማርኬዛ ኤሌና ግሪማልዲ ካታኔዮ፣ እዚያ ናት። ሥዕሉ ቁመቱ ከ2 ሜትር ከ40 ይበልጣል፣ ስለዚህ እሷ ከላይ ሆና ቁልቁል ታያችኋለች። ሠዓሊው ያኔ ገና 24 ዓመት ገደማው ነበር! ራቅ ያላችሁም አትጨነቁ፤ ሙዚየሙ ጥራት ያለውን ፎቶ ድረ ገጹ ላይ በነፃ ለቆታል።

ሙሉውን ልሥራ አትበሉ። ከወገቧ በላይ ያለውን፣ ቀዩን ጃንጥላና ጃንጥላውን የያዘላትን አፍሪካዊ ወጣት ጨምራችሁ ቁረጡና 50 በ60 ሳንቲ ሜትር አሳትሙ። ሸራውም በዚያው ልክ ይሁን። የዘይት ቀለም፣ ሁለት ሦስት ቡሩሽ፣ ተርፔንታይንና የተልባ ዘይት ያስፈልጋችኋል። አዎ፣ ያው የምናውቀው ተልባ ነው፤ ግን የወጥ ቤቱን ሳይሆን ለሥዕል ተጣርቶ የሚሸጠውን ግዙ።

መጀመሪያ የሸራውን ንጣት አጥፉ። ቡናማ ቀለም (አምበር) በተርፔንታይን አቅጥናችሁ ሁሉንም ቀቡት፣ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን ተዉት። ከዚያ ፎቶውም ሸራውም ላይ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ካሬ አስምሩና መስመሩ የትኛውን ካሬ የት ላይ እንደሚያቋርጥ እያያችሁ ንደፉ።

አሁን ቀለም አትንኩ። በቡናማና በነጭ ብቻ ብርሃንና ጥላውን ጨርሱ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው፤ ሥዕሉ የሚቆመው ግን በዚህ ነው። ሥራችሁንና ህትመቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በስልክ በጥቁርና ነጭ አንሷቸው፣ ስህተቱ ወዲያው ይታያችኋል።

ሲደርቅ ቀለሙ ይቀጥላል። አንድ ሕግ አለ፦ የታችኛው ንብርብር ዘይቱ ያነሰ፣ የላይኛው የበዛ ይሁን። ከገለበጣችሁት ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ሥሩ ገና ይንቀሳቀሳል፣ በኋላ ይሰነጠቃል።

ቀሚሷ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል። እኔ መጀመሪያ ላይ ከቲዩቡ የወጣ ጥቁር ቀባሁበትና ሸራው መሃል ላይ ጉድጓድ የተቆፈረ መሰለ፤ ሁሉንም ፍቄ አምበርና አልትራማሪን ሰማያዊ ስቀላቅል ነው ጨርቁ እጥፋቱን ያገኘው። ነጩ አንገትጌም እንደዚያው ነው፣ ተጠግታችሁ እዩት፤ አብዛኛው ግራጫ ነው። ንጹሑን ነጭ ለጥቂት ጠርዞች ብቻ አስቀሩት፣ መጨረሻ ላይ፣ ወፈር አድርጋችሁ።

ጃንጥላው ለእኔ የሥዕሉ ልብ ነው፤ ከጭንቅላቷ ጀርባ እንደ አክሊል ይዞራል፣ የእጅጌዋ ጫፍም ያንኑ ቀይ ይመልሳል። መጀመሪያ ድፍን ቀይ ቀቡ። ከደረቀ በኋላ በተልባ ዘይት የቀጠነ አሊዛሪን (ሥሩን የሚያሳይ ጠቆር ያለ ቀይ ቀለም) ደርቡበት። ከነጠላ ሥር ያለ ቀሚስ እንደሚታየው፣ የታችኛው ቀይ በላይኛው ውስጥ ያበራል። ስትገዙ ብርሃን የማያደበዝዘውን ዓይነት ምረጡ።

የፊቷን ጥላ በጥቁር አታጠይሙ፤ አምበርና ትንሽ ቀይ ይበቃል። ወጣቱንም በጥድፊያ አትጨርሱት። ስሙ የሥዕሉ ርዕስ ላይ የለም፣ ፊቱ ግን አለ፣ የእሷን ያህል ትዕግሥት ይገባዋል። ጠይም ቆዳ ቡናማ ብቻ አይደለም፤ ጥላው ውስጥ ሞቅ ያለ ቀይ፣ ብርሃኑ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ሰማያዊ ቢጤ አለ። መስታወት ፊት ቁሙና የራሳችሁን ግንባር እዩ።

የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል! ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ክዳን ባለው የብረት ጣሳ አስቀምጡት።

ቫርኒሽ ለመቀባት 6 ወር ያህል ጠብቁ። ፊት ለፊት የቫን ዳይክን ፊርማ አትጻፉ። ጀርባው ላይ ግን የራሳችሁን ስም፣ ዓመቱን፣ «ከቫን ዳይክ የተቀዳ» የሚለውን በግልጽ ጻፉበት።