የከተራን ከበሮ የሚችል የማይክ ባትሪ ሳጥን በቤት እንዴት እንደሚሰራ

ጎንደር ላይ ከተራን በትንሽ መቅረጫ ለመቅዳት የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ፣ ገና ከሩቅ ሳሉ መዝሙሩ ጥርት ብሎ ይገባል። ከበሮው አጠገብ ሲደርስ ግን ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ጽናጽሉ ይዋጣል፣ እልልታው ጩኸት ብቻ ይሆናል። አብዛኛው ሰው የመቅረጫውን ሌቭል ዝቅ ያደርጋል። ምንም አይለወጥም፤ ያው የተሰነጠቀ ድምፅ ቀንሶ ይሰማል እንጂ። ድምፁ የተበላሸው መቅረጫው ጋ ሳይደርስ፣ እዚያው ማይኩ ውስጥ ነዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌታ ላይ የሚሰኩትም ሆኑ ራሳችን የምንበይዳቸው ትንንሽ ማይኮች አብዛኞቹ ኤሌክትሬት ናቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ትራንዚስተር አለች፤ ያለ ኃይል አትሰራም። መቅረጫው በማይክ ቀዳዳው በኩል ትንሽ ቮልት ይልክላታል፣ ብዙውን ጊዜ 2.5 ቮልት አካባቢ። ለወሬና ለቃለ መጠይቅ ይበቃል። ከበሮ ሲመታ ግን ድምፁ የሚወዛወዝበት ቦታ ያጣና ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል። በ2.5 ፋንታ 9 ቮልት ብንሰጣት ቦታው ይሰፋል። የባትሪ ሳጥን ማለት ይኸው ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ድምፅ አያጎላም፣ ርካሽ ማይክንም ውድ አያደርግም። ቤት ውስጥ አንድ አዝማሪ ማሲንቆ ሲመታ ለመቅዳት ከሆነ የምትፈልጉት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አትድከሙ፤ የመቅረጫው ኃይል ይበቃችኋል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። አንድ የ9 ቮልት ባትሪና ክሊፑ፣ ሁለት ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ስቴሪዮ ሴት ጃክ፣ ሁለት የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ሁለት የ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ሁለት የ10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር፣ ሳጥኑን ከመቅረጫው የሚያገናኝ በሁለቱም ጫፍ ወንድ ጃክ ያለው ስቴሪዮ ገመድ፣ ትንሽ ሽቦ። ካፓሲተሩ 16 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል ይሁን። ካውያና ሊድ ከሌላችሁ ፒያሳ ወይም አራዳ አካባቢ አንድ ጠጋኝ ጋ ተቀምጣችሁ መበየድ ትችላላችሁ፤ ሻይ ከጋበዛችሁት ደግሞ እሱ ራሱ ይበይድላችኋል። ሬዚስተሩን ከተጣለ ሬዲዮ ላይ መንቀል ይቻላል፣ አያረጅም ማለት ይቻላል። ቀለሙን እዩ፦ ቡኒ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ ከሆነ 10 ኪሎ ኦም ነው፤ ሦስተኛው ቢጫ ከሆነ 100 ኪሎ ኦም። ካፓሲተር ግን አዲስ ግዙ። ያረጀው ይደርቃል፣ ከቴሌቪዥን ፓወር ላይ የሚነቀለው ደግሞ ሶኬቱ ተነቅሎም ኃይል ይዞ ሊቆይና ሊመታችሁ ይችላል።

ሳጥኑ ብረት ቢሆን ይመረጣል። የከረሜላ ቆርቆሮ አሪፍ ነው። በጥምቀት ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ነው የሚቆመው፣ ፕላስቲክ ሳጥን ደግሞ የስልክን ጥዝዝታ አያግድም። ፕላስቲክ ብቻ ካላችሁ ውስጡን በፎይል ሸፍኑትና ፎይሉን ከኔጌቲቭ ጋር አገናኙት፤ ዕቃዎቹን እንዳይነካ ግን ላዩን በፕላስተር ለብጡት።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ሳጥኑን ሁለት ቦታ ብሱና ጃኮቹን እሰሩ። አንዱ ለማይክ መግቢያ፣ ሌላው ወደ መቅረጫ መውጫ ነው። ላያቸው ላይ ጻፉበት፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ጨለማ ውስጥ መሳሳት ቀላል ነው። የቆርቆሮው ቀለም ጃኩ በሚነካበት ቦታ ይፋቅ፣ አለበለዚያ ሳጥኑ ከኔጌቲቭ ጋር አይገናኝም።

ቀጥሎ የጃኩን እግሮች ለዩ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ስቴሪዮ ጃክ ሦስት ነገር አለው፦ ጫፉ ግራ ድምፅ፣ መሃል ያለው ቀለበት ቀኝ ድምፅ፣ ግንዱ ኔጌቲቭ። የትኛው እግር ከየትኛው እንደሚገናኝ ግን እንደ ጃኩ ሥሪት ይለያያል፣ አንዳንዱማ አምስት እግር አለው። ገመዱን ሰኩበትና ቴስተሩን (መልቲ ሜትሩን) ድምፅ በሚያሰማበት ቦታ አድርጋችሁ፣ አንዱን መንኪያ ገመዱ ነጻ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን የጃኩ እግር ላይ እያደረጋችሁ አንድ በአንድ ፈትሹ። ለግራ ነጭ፣ ለቀኝ ቀይ፣ ለኔጌቲቭ ጥቁር ሽቦ ብትጠቀሙ በኋላ ራስ አያዞርም።

ከዚያ ኔጌቲቩን ጨርሱ። የባትሪው ጥቁር ሽቦ፣ የሁለቱም ጃኮች ግንድና ሳጥኑ ራሱ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይገናኛሉ።

አሁን ፖዘቲቩ። የባትሪውን ቀይ ሽቦ ከሁለቱ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች አንድ አንድ ጫፍ ጋር በይዱት። የአንደኛው ሬዚስተር ሌላ ጫፍ ወደ ማይክ ጃኩ ግራ እግር ይሄዳል፣ የሁለተኛው ወደ ቀኝ እግር። ቀዩን ሽቦ በቀጥታ ማይኩ ላይ አትበይዱ። ሬዚስተሩ ከሌለ ድምፁ ባትሪው ውስጥ ይቀራል እንጂ ወደ መቅረጫው አይወጣም፣ ማይኩም ሊቃጠል ይችላል።

ካፓሲተሩ የሚገባው እዚህ ነው፣ ብዙ ሰው ደግሞ ሊዘለው የሚፈልገው እሱን ነው። ሬዚስተሩና የማይክ ጃኩ ከተገናኙበት ነጥብ ተነስቶ ወደ መውጫ ጃኩ ይሄዳል፤ ግራው ለግራ፣ ቀኙ ለቀኝ። ሥራው የባትሪውን ቮልት ማገድና ድምፁን ብቻ ማሳለፍ ነው። እሱ ከሌለ የባትሪው ቮልት በቀጥታ መቅረጫችሁ ውስጥ ይገባል፣ ያኔ የምታዝኑት ለሳጥኑ አይሆንም። ተራው ክብ ካፓሲተር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አለው፤ የሰረዝ ምልክት ያለበት እግር ኔጌቲቭ ነው። ፖዘቲቩ ወደ ማይኩ፣ ኔጌቲቩ ወደ መውጫው ይዙር። መጠኑንም አታሳንሱ። 0.1 ማይክሮ ፋራድ ብታደርጉና የመቅረጫው መግቢያ 10 ኪሎ ኦም ቢሆን ከ160 ኸርዝ ገደማ በታች ያለው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል። የከበሮው ጉልበት ያለው ደግሞ እዚያ ታች ነው፤ ከበሮው እንደ ባዶ ጣሳ ይሰማችኋል።

በመጨረሻ ሁለቱን የ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ከመውጫ ጃኩ ግራና ቀኝ እግር ወደ ኔጌቲቭ በይዱ። ገመዱን መቅረጫው ላይ ስትሰኩ የሚመጣውን ድው የሚል ድምፅ ይቀንሳሉ። ማብሪያ ማጥፊያ አላስገባሁም፣ ምክንያቱም ማይኩ ካልተሰካ ከባትሪው የሚፈስ ነገር የለም። ስትጨርሱ ማይኩን መንቀል ነው።

መቅረጫው ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ለኩ። ባትሪው ገብቶ፣ ማይክ ሳይሰካ፣ በማይክ ጃኩ ግራ እግርና በኔጌቲቭ መካከል 9 ቮልት አካባቢ ማየት አለባችሁ፤ ቀኙም እንደዚያው። ማይኩ ሲሰካ ይወርዳል። ከ4 እስከ 7 ቮልት ከሆነ ደህና ነው። ምንም ካልወረደ ማይኩ አልተገናኘም፣ ወደ ዜሮ ከወረደ የሆነ ቦታ ሽቦ ተነካክቷል። በመውጫው ላይ ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ከቆያችሁ በኋላ ዜሮ መሆን አለበት። እዚያ ላይ ቮልት ከታየ አትሰኩ፤ ካፓሲተሩን ፈትሹ።

ስለ ማይኩ አንድ ነገር። ለስልክ የተሰሩት፣ ጃካቸው ላይ ሦስት ጥቁር መስመር ያለባቸው፣ እዚህ ሳጥን ላይ እንዳሉ አይሰሩም፤ የሽቦ አገናኛኘታቸው ሌላ ነው። ሁለት መስመር ያለው ስቴሪዮ ማይክ ይሁን። ባዶውን ማይክ ገዝታችሁ ራሳችሁ የምትበይዱ ከሆነ፣ ከጀርባው ካሉት ሁለት ነጥቦች ከብረት ገላው ጋር የተያያዘው ኔጌቲቭ ነው። ካውያውን ነካ አድርጋችሁ አንሱ፣ ሙቀት ይገድለዋል። ስንት ቮልት እንደሚችልም ሻጩን ጠይቁ፣ ብዙዎቹ እስከ 10 ይችላሉ።

መቅረጫው ላይ፣ ዙምም ይሁን ታስካም ወይም ሶኒ፣ ላይን የሚል መግቢያ፣ ማለትም ጠንካራ ድምፅ የሚቀበለው፣ ካለው እሱን ተጠቀሙ። ማይክና ላይን በአንድ ቀዳዳ የሆነበትም አለ፤ ያኔ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ፕለግ ኢን ፓወር የሚለውን፣ ማለትም መቅረጫው ለማይክ የሚልከውን ቮልት፣ አጥፉ። ላይን ለከበሮ ነው። ለብቻው የሚቀኝ አንድ መሪጌታ ለመቅዳት ከሆነ ግን ላይን ላይ ሹሹታው ይበዛል፣ ወደ ማይክ መግቢያ ተመለሱና ሌቭሉን ዝቅ አድርጉ። ባለ ሦስት ፒኑ ትልቅ መግቢያ ላይ 48 ቮልት በርቶ ሳለ ይህን ሳጥን በምንም ዓይነት እንዳትሰኩ።

ሌቭሉን ስታስተካክሉ ከበሮው ሲመታ ከላይኛው ጫፍ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቆም አድርጉ። አውቶማቲክ ሌቭል ይጥፋ፤ ከበሮ በተመታ ቁጥር መዝሙሩን ወደ ታች ይጫነዋል።

ነፋስ ሌላ ጣጣ ነው። የበግ ለምድ ቆርጣችሁ ማይኩን እንዳትሸፍኑት፣ ቆዳው ድምፁን ያፍነዋል። ከአሮጌ የልጆች አሻንጉሊት ላይ የምትቆርጡት ጸጉራም ጨርቅ ይሻላል፤ በአፋችሁ እፍ ስትሉበት አየር በጀርባው ካለፈ ይሆናል።

ባትሪው ደህና አልካላይን ከሆነ ብዙ ይቆያል፤ ሁለት ማይክ በአንድ ላይ የሚወስደው 1 ሚሊ አምፔር ቢሆን ነው። ቢሆንም ከጥር 10 በፊት ለኩት፣ ከ7.5 ቮልት በታች ከወረደ ቀይሩ። ከበዓሉ በኋላ ሳጥኑ መደርደሪያ ላይ ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን አውጡት፤ ውስጥ ሆኖ ካረጀ ፈሳሽ ያወጣና ክሊፑን ይበላዋል።