የሚዘልለው የሹጊ ኦቲስ ሸክላ እንዴት እንደተስተካከለ

አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ሹጊ ኦቲስ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው፣ በጊዜው ብዙም ሳይሸጥ ቀርቶ በ2001 ዳግም ሲታተም ብዙ አድማጭ ያገኘው «ኢንስፒሬሽን ኢንፎርሜሽን» የተባለው የሶል አልበም በሸክላ እጄ ቢገባም፣ እየተንጫጫና መርፌው እየዘለለ አላስደምጥ ብሎኝ ነበር። ሸክላውን ወደ ብርሃን አጋድሜ ሳየው ጭረት የለበትም፤ መስመሮቹ ውስጥ ግን አቧራ ተጋግሯል። ዲስትልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሬ፣ መሃል ያለው ወረቀት እንዳይርስ እየተጠነቀቅሁ፣ የመስመሮቹን ዙር ተከትዬ በለስላሳ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ከዚያም በንጹሕ ዲስትልድ ውሃ አለቅልቄ አደረቅሁት። መንጫጫቱ ቢጠፋም መዝለሉ ስላልቀረ፣ መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበትን ክብደት የመርፌው አምራች ወዳዘዘው 2 ግራም ከፍ አደረግሁት። መርፌው ሲቀል ሸክላው የሚድን ይመስላል እንጂ፣ እየዘለለ መስመሩን የሚጎዳው እንዲያውም ከልክ በላይ የቀለለ መርፌ ነው። አሁን ሹጊ አብዛኛውን መሣሪያ ራሱ የተጫወተበት ያ ድንቅ ቅንብር፣ የከበሮ ማሽኑ ምት ሳይቀር፣ ጥርት ብሎ ይሰማል።