«አባቴ መጣ» እና «አባቴ መጡ»፦ ስለ አፍላ ወጣቶችና ስለ ወላጆቻቸው ዓይነታዊ ጥናት አጻጻፍ

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ያነጋገርኳት የ16 ዓመት ልጅ ለሃያ ደቂቃ ያህል «አባቴ መጣ፣ አባቴ ገዛልኝ፣ አባቴ ሳቀ» እያለች ስታወራኝ ቆየች። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤቷ የመጣበትን ቀን ስትተርክልኝ ግን አነጋገሯ ተለወጠ። «አባቴ ወረቀቱን አዩት። ምንም አላሉም። መብራቱን አጥፍተው ገቡ።» ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው አባቷ «እሳቸው» ሆነው ቀሩ። እኔ ደግሞ ጽሑፉን የማቀርበው በእንግሊዝኛ ስለነበር፣ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ድምፁን በቀጥታ በእንግሊዝኛ ገለበጥኩት። በእንግሊዝኛ «እሱ»ም «እሳቸው»ም አንድ ቃል ናቸው። የታሪኳ መታጠፊያ ከወረቀቴ ላይ ጠፋ። መልሼ ያገኘሁት ከሁለት ወር በኋላ ድምፁን እንደገና ሳዳምጥ ነው።

ዛሬ የሥነ ልቦና ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ አማክራለሁ። በዚህ ርዕስ ሊጽፍ ለሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ነው። ማስረጃው ያለው ልጁ በተናገረበት ቃል ውስጥ ነው፤ ቃሉ ከጠፋ በእጃችሁ የሚቀረው የራሳችሁ አስተያየት ብቻ ነው።

ከጥያቄው እንጀምር። «የወላጆችና የልጆች ግንኙነት በትምህርት ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ርዕስ በየዓመቱ ይቀርብልኛል። ተጽዕኖን መለካት የመጠናዊ ጥናት ሥራ ነው። ዓይነታዊ ጥናት የሚጠይቀው ሰዎች የኖሩትን ነገር እንዴት እንደሚረዱትና እንደሚገልጹት ነው። ዕድሜውንም አጥብቡት። የዓለም ጤና ድርጅት አፍላ ወጣት የሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ነው፤ የ10 ዓመት ልጅና የ19 ዓመት ወጣት ግን በአንድ ቤት እያደሩ እንኳ ኑሯቸው ለየቅል ነው። «ከአባታቸው ጋር ተኮራርፈው የሚያውቁ ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ኩርፊያው እንዴት እንደጀመረና በማን በኩል እንደተፈታ እንዴት ይተርኩታል?» የሚለው ጥያቄ በአንድ መንፈቀ ዓመት ሊሠራ ይችላል።

የቀደሙ ጥናቶችን ስታነቡ ዲያና ባውምሪንድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሦስት የመደቧቸውን፣ ኤሊኖር ማኮቢና ጆን ማርቲን በ1983 አራት ያደረጓቸውን የወላጅነት ስልቶች ታገኛላችሁ። እወቋቸው፤ ነገር ግን ልጆቹን ሳታነጋግሩ አራት ሣጥን አዘጋጅታችሁ አትጠብቁ። ለእኔ የበለጠ የጠቀመኝ ሆካን ስታቲንና ማርጋሬት ኬር ስዊድን ውስጥ ባሉ የ14 ዓመት ልጆች ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ተመራማሪዎች ወላጅ ስለ ልጁ ውሎ ብዙ ካወቀ በደንብ ስለተከታተለው ነው ብለው ያስቡ ነበር። ሁለቱ ያሳዩት ወላጆች የሚያውቁት በአመዛኙ ልጁ ራሱ ወዶ ስለሚነግራቸው መሆኑን ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ «ወላጆችሽ ይቆጣጠሩሻል?» የሚለውን ጥያቄዬን ሰርዤ «ለእናትሽ የምትነግሪያት ምን ምን ነው? የማትነግሪያትስ?» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ያነጋገርኳቸው ልጆች ሁሉ ረጅም መልስ የሰጡኝ በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ስለ ፈቃድ ጠንቅቃችሁ አስቡ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን አላደረሰም። ስለዚህ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። እሱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ልጁም ራሱ ተረድቶ «እሺ» ማለት አለበት፤ «እምቢ» ካለ ደግሞ ወላጁ ቢፈርምም ነገሩ እዚያው ያበቃል። ለወላጁ ከመፈረሙ በፊት «ልጅዎ የሚነግረኝን ለእርስዎ አልነግርም» በሉት። ይህን መናገር ይከብዳል፤ በተለይ ቡና አፍልታ ለተቀበለቻችሁ እናት። ሳትናገሩ ከቀራችሁ ግን በማግስቱ ስልክ ተደውሎ «ምን አለችሽ?» ትባላላችሁ። ለልጁ ደግሞ ምስጢር ልትጠብቁለት የማትችሉትን አንድ ነገር ከመጀመሩ በፊት ንገሩት፤ በእሱ ወይም በሌላ ልጅ ላይ ጉዳት እየደረሰ መሆኑን ከሰማችሁ ዝም አትሉም። ያን ጊዜ ለማን እንደምትነግሩ፣ ልጁንም ወደ የትኛው የምክር አገልግሎት እንደምታደርሱት ቃለ መጠይቁ ሳይጀመር መታወቅ አለበት።

ቦታውም ወሳኝ ነው። የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ ያደረግሁት በልጁ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ነበር። እናቱ ጓዳ ሆና ቡና ትቆላለች፤ ልጁ ለእያንዳንዱ ጥያቄ «ደህና ነን፣ ምንም ችግር የለም» ይላል። ከዚያ ቃለ መጠይቅ አንድም መስመር አልተጠቀምኩም። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጥግ መረጥኩ፤ ሰው ያየናል፣ አይሰማንም።

«ከወላጆችህ ጋር ያለህ ግንኙነት ምን ይመስላል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «ጥሩ ነው» ነው። አንድ ቀን ጠይቁ። «ትናንት ማታ ቤት ከገባህበት እስክትተኛ የሆነውን ንገረኝ።» አንድ የ15 ዓመት ልጅ ይህን ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «አባቴ ማታ ነው የሚገባው። በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ድምፁን እሰማለሁ። ያኔ ደብተሬን እገልጣለሁ።» ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። በቀጥታ ስለ ግንኙነታቸው ብጠይቀው ኖሮ ይህን በፍጹም አላገኘውም ነበር። ከዚህ በኋላ የእናንተ ሥራ «ከዚያስ?» ማለትና ዝም ማለት ነው። ዝምታው ሲረዝም አትደንግጡ፤ ልጆች ከባዱን ነገር የሚያወጡት ብዙ ጊዜ ከዝምታ በኋላ ነው።

ስንት ልጅ ይበቃል? ግሬግ ጌስትና ባልደረቦቻቸው ከጋናና ከናይጄሪያ ሴቶች ጋር የተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆችን ተንትነው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ ሐሳብ መምጣቱ በአብዛኛው ያቆመው በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ ነው። የእነሱ ተሳታፊዎች ተቀራራቢ ሰዎች፣ ጥያቄዎቹም ተመሳሳይ ስለነበሩ ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት። እኔ ስምንት ልጆች አነጋግሬአለሁ። ስምንት ስለሆኑም «62.5 በመቶ» ብሎ መጻፍ አይገባም፤ «ከስምንቱ አምስቱ» በሉ።

ድምፁን በፊደል፣ በአማርኛ ገልብጡ። ሳቁን፣ ዝምታውን፣ ተጀምሮ የቀረውን ዓረፍተ ነገር ሳይቀር ጻፉ። የ50 ደቂቃ ንግግር ስድስት ሰዓት ያህል ወስዶብኛል፤ ግን ልጆቹን በእውነት ያወቅኳቸው በእነዚያ ሰዓታት ነው። ሥራውን ለሌላ ሰው ከፍላችሁ አታሠሩት።

ለትንተናው ቨርጂኒያ ብራውንና ቪክቶሪያ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረቡት የጭብጥ ትንተና ለጀማሪ ይመቻል። ስድስት ደረጃዎች አሉት፤ ጽሑፉን ደጋግሞ ማንበብ፣ ለየክፍሉ መለያ (ሐሳቡን የሚገልጽ አጭር ስም) መስጠት፣ ከመለያዎቹ ጭብጥ ማውጣት፣ ጭብጡን ከጽሑፉ ጋር መልሶ ማመሳከር፣ ስምና ወሰን መስጠት፣ በመጨረሻ መጻፍ። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ተማሪዎቼ የሚቸገሩት ሦስተኛው ላይ ስለሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ስለነበረው ጠብ ሲነግረኝ «ሦስት ቀን አኩርፌያት ነበር። ጉርሻዋን ግን ጎረስኩ» አለ። መጀመሪያ በዳር ላይ የጻፍኩት መለያ «ኩርፊያ» የሚል ነበር። ይህ የርዕስ ስም ነው፤ ስለ ልጁ የሚለው ነገር የለም። ቀጥዬ «ሳይነጋገሩ ጉርሻ መቀበል» አልኩት። ይሻላል። ከዚያ ሌሎቹን ጽሑፎች በዚህ ዓይን አነበብኳቸው። አንዷ እናቷን ባኮረፈች ሰሞን ጠዋት ልብሷን ተተኩሶ አገኘችው። ሌላው አባቱ ሳያናግሩት የታክሲ ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ይተዉለት ነበር። ሦስቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ጭብጡ ወጣ፦ «ንግግር ሲቋረጥ እንክብካቤው በእጅ ይቀጥላል»። ጭብጥ ማለት እንዲህ ሊከራከሩበት የሚቻል አባባል ነው። ቀጥሎም ተቃራኒውን ፈልጉ። ከስምንቱ አንዷ ጉርሻውን አልጎረሰችም፤ ፊቷን አዞረች። እሷን ከዘገባው ብታስወጧት ጭብጣችሁ ያማረ ይመስላል፤ ትክክል ግን አይሆንም።

የራሳችሁን ማንነትም በስልቱ ክፍል ጻፉ። እኔ አባቴን «እርስዎ» እያልኩ ነው ያደግኩት፤ ስለዚህ «አንተ» የሚል ልጅ ስሰማ ቅርበት፣ «እርስዎ» የሚል ስሰማ ርቀት አድርጌ እመዘግብ ነበር። አንዷ ልጅ ግን «አባቴን እርስዎ የምላቸው በጣም ስለምወዳቸው ነው» አለችኝ። ያን ምሽት የመለያ ዝርዝሬን ከመጀመሪያ ጀምሬ ከለስኩ። መከለሴን፣ ለምን እንደከለስኩም በዘገባው ውስጥ አሰፈርኩ።

ወደ መጻፉ ስትመጡ ግኝቱን በዚህ ቅደም ተከተል አስኪዱት፦ መጀመሪያ አባባላችሁ፣ ከዚያ ልጁ የተናገረበት ሁኔታ፣ ከዚያ የልጁ ቃል፣ ከዚያ የእናንተ ትርጓሜ። ጥቅስ ደርድሮ መሄድ ትንተና አይደለም። በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ከሆነ የአማርኛውን ጥቅስ በፊደል አስቀምጡና ትርጉሙን ከሥሩ ጻፉ፤ ግሱ የአክብሮት ከሆነ በአንድ ሐረግ አመልክቱ። «ኩርፊያ»ን በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለመተካት አትድከሙ፤ ቃሉን እንዳለ ወስዳችሁ መጀመሪያ ላይ አብራሩት። በአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያ ሰባተኛ እትም መሠረት አጠቃሎው (ከጽሑፉ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠው አጭር መግለጫ) ከ250 ቃላት አይበልጥም፤ 40 ቃላትና ከዚያ በላይ የሆነ ጥቅስ ለብቻው ገባ ብሎ ይጻፋል፤ የተሳታፊዎቻችሁ ቃል በዋቢ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። የማጠቃለያ ሐሳባችሁም ከግኝቱ የመነጨ ይሁን። ልጆቹ ስለ ጉርሻና ስለ ታክሲ ሳንቲም ነግረዋችሁ «መንግሥት ለወላጆች ሥልጠና ይስጥ» ብላችሁ አትጨርሱ።

ከማስረከባችሁ በፊት ጽሑፉን አንድ ጊዜ በእናትየዋ ዓይን አንብቡት። ስም መቀየር አይበቃም። የአንዱ ልጅ አባት በሰፈሩ ያሉት ብቸኛ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ፤ «በእጅ ሙያ የሚተዳደሩ» ብዬ ለወጥኩት፤ መለወጤንም በስልቱ ክፍል ገለጽኩ። የውጤቷን ቀን የነገረችኝን ልጅ ደግሞ ገጹን አስነበብኳት። አባቷ ከዝምታቸው በኋላ ያደረጉትን ነገር ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ በሌላ እንድተካላት ጠየቀችኝ። ምን ቢሆን እንደሚሻል አብረን አሰብን፤ መብራቱን የመረጠችው እሷ ናት። በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ያነበባችሁትም ያንኑ የተለወጠውን ነው።