ያልታጠበ የሽንት ጨርቅ ቤቱን ሳያሸት እንዴት ይቀመጣል?

ልጄ የሁለት ወር ሕፃን እያለች የሰፈራችን የውሃ ፈረቃ ተዛባና አራት ቀን ሙሉ ጠብታ ጠፋ። የተጠራቀመውን የሽንት ጨርቅ ትልቅ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተትኩና አፉን ጥብቅ አድርጌ ቋጠርኩት። ሽታው እንዳይወጣ ብዬ ነው። በአምስተኛው ቀን ውሃ መጣ፣ ቋጠሮውን ፈታሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጉሮሮዬ ድረስ ሰነፈጠኝ። ፀጉር ቤት ውስጥ ቀለም ሲበጠበጥ የሚሸተውን ታውቁታላችሁ አይደል? እሱን አሥር እጥፍ አድርጉት።

እናቴ ከሳሎን መጥታ አየችና ሳቀች። «አፍነሽው ነዋ! ነፋስ ሳያገኘው እንዴት አይከረፋ?»

እውነቷን ነው። ትኩስ ሽንት ያን ያህል አይሸትም። ሽንት ውስጥ ዩሪያ የሚባል ነገር አለ፤ ጨርቁ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ዩሪያውን እየሰባበሩ ወደ አሞኒያ ይቀይሩታል። አፍንጫ የሚሰነፍጠው አሞኒያው ነው። ባክቴሪያዎቹ እርጥበት፣ ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋሉ። የተቋጠረ ፌስታል ሦስቱንም ይሰጣቸዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሦስቱን መንፈግ ነው።

1. መጀመሪያ ካካውን አስወግዱ

ካካ ያለበትን ጨርቅ «ቆይቼ አየዋለሁ» ብላችሁ ጥግ አታስቀምጡ። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ካካው ቀጭን ስለሆነ በውሃ ቶሎ ይለቃል። ጨርቁን በሽንት ቤቱ ላይ በሁለት እጅ ዘርግታችሁ ያዙ፤ ሌላ ሰው በጆግ ከላይ ወደ ታች ያፍስስበት። ብቻችሁን ከሆናችሁ አንዱን ጫፍ ይዛችሁ በሌላው እጅ አፍስሱ። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። ሙቅ ውሃ እድፉን ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል።

ስድስት ወር ሞልቶት ምግብ ሲጀምር ነገሩ ይለወጣል። ካካው ይወፍራል፣ ሽታውም የትልቅ ሰው ይሆናል። ያኔ መጀመሪያ በሶፍት ጥረጉና ሽንት ቤት ጣሉት፣ ከዚያ ነው ውሃ የሚፈስበት። ይህን የወጥ ቤት ማጠቢያ ላይ አትሥሩት። ሲጨርሱ እጅን በሳሙና።

2. የሌሊቱን ጨርቅ ለብቻ እዩት

ቀን ቀን የሚቀየረው ጨርቅ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የተሸናበት ነው። የሌሊቱ ግን ስድስትና ሰባት ሰዓት ሙሉ በልጁ ገላ ሙቀት ሲበስል ያደረ ነው። ጠዋት ሲወልቅ አሞኒያው ጀምሯል ማለት ነው። ሌላ ምንም ባታደርጉ ይህን አንዱን ብቻ በአንድ ሊትር ውሃ አለቅልቁና በደንብ ጨምቁት። በኔ ቤት የሽታው ግማሽ የጠፋው በዚህ ነው።

«ውሃ ከየት አምጥቼ?» ለሚል፣ የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ አትድፉ። በባልዲ አስቀምጡት። ለዚህ ይበቃል፤ ጨርቁ የተለቀለቀበት ውሃ ደግሞ ሽንት ቤት ይለቀቅበታል። አንድ ውሃ ሦስት ሥራ ሠራ።

3. ክፍት ማስቀመጫ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ክዳኑ ግጥም የሚል ባልዲ እንገዛለን። ክዳኑ ተዘግቶ እያለ እውነትም አይሸትም። ሲከፈት ግን የሁለት ቀኑን በአንድ ጊዜ ይከፍላችኋል።

የሚሻለው ጎኑ ሁሉ ቀዳዳ የሆነ የቆሻሻ ልብስ ቅርጫት ነው፤ ማንኛውም የፕላስቲክ ዕቃ መሸጫ አለ። ክዳን ካለው ክዳኑን ለሌላ ነገር አድርጉት። ጨርቁን ጠቅልላችሁ ወይም ጨብጣችሁ አትጣሉት፤ ዘርዘር ተደርጎ ይግባ። ኪስ ያለው የሚታጠብ ዳይፐር ከሆነ የውስጡን ጨርቅ መዝዛችሁ አውጡት፣ ካልሆነ እርጥበቱ መሐል ላይ ታፍኖ ይቀራል።

ዝንብስ? ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የቅርጫቱን አፍ ያረጀ ነጠላ አልብሼ ዙሪያውን በላስቲክ አስራለሁ። ነፋስ ይገባል፣ ዝንብ አይገባም።

ቦታው ጥላ ያለበት በረንዳ ቢሆን ይመረጣል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብዙዎቻችን የምናስቀምጠው መታጠቢያ ቤት ነው፤ እሱ ግን ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ሌላ ምርጫ ከሌለ መስኮቱ ክፍት ይሁን፣ ቅርጫቱም ከወለሉ ከፍ ይበል።

4. ቤኪንግ ሶዳ

ቅርጫቱ ሥር ጋዜጣ ወይም ካርቶን አንጥፉና አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በትኑበት። የተወሰነ ሽታ ይይዛል። ተአምር አትጠብቁ። ሽቶ ግን አትርጩ፣ ትርፉ ሽቶ የተቀባ ሽንት ነው። ዕጣን ያጨሱልኝ ጎረቤት ነበሩ፤ ቤቱ ለአንድ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን መሰለ፣ ከዚያ ወደነበረበት ተመለሰ።

5. ከሁለት ቀን አታሳልፉ

በየሁለት ቀኑ ይታጠብ። ሦስተኛው ቀን የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሻጋታም ይመጣል።

ውሃ ካልመጣስ? ሽንት ብቻ የነካውን በትንሽ ውሃ አለቅልቃችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። አልታጠበም፣ ግን ደርቋል። በደረቀ ጨርቅ ላይ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ይፈታሉ። እናቴ «ማቆያ» ትለዋለች። ክረምት ላይ ፀሐይ ስለማይገኝ ያኔ መጠራቀም ሳይጀምር ትንሽ ትንሹን ማጠብ ይሻላል።

6. አትዘፍዝፉ

ጨርቅ በውሃ ዘፍዝፎ ማቆየት የቆየ ልማድ ነው። እኔ ተውኩት። ውሃው በማግስቱ ራሱ ይሸታል፣ የዳይፐሩ ላስቲክም ቶሎ ይሟሽሻል። ከሁሉ የሚብሰው ግን መዳህ የጀመረ ልጅ ነው። ሕፃን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል። ውሃ ያለበት ባልዲ ልጅ በሚደርስበት ቦታ አይቀመጥም።

በረኪናም እንደዚሁ። ሽንት የጠጣ ጨርቅ ላይ አትጨምሩ። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ከአቼቶ ጋርም አይቀላቀልም፣ እሱም የራሱ መርዝ አለው።

ታጥቦም ከሸተተ

አንዳንዴ ጨርቁ ታጥቦ፣ ደርቆ ምንም አይሸትም። ልጁ ሲሸናበት ግን ወዲያው ይሰነፍጣል። ይህ የአቀማመጥ ችግር አይደለም፤ ሽንቱ ወይም ሳሙናው ጨርቁ ውስጥ ቀርቷል። የልብስ ማለስለሻ ትጠቀሙ ከሆነ አቁሙ፣ ጨርቁን እየሸፈነ ውሃ እንዳይጠጣ ያደርገዋል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በበቂ የዱቄት ሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ አረፋው እስኪጠፋ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። አንድ ጊዜ ካልበቃ በሚቀጥለው እጥበት ድገሙት። ጨርቁ ገመድ ላይ ሲወጣ ባዶውን ቅርጫትም አጥባችሁ አጠገቡ ፀሐይ ላይ ድፉት።