ልጆችን በጣና ላይ ታንኳ መቅዘፍ ሲያስተምሩ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

በባሕር ዳር፣ በዘጌና በሌሎች የጣና ዳርቻዎች የሚያድግ ልጅ አንድ ቀን ታንኳ ላይ መውጣቱ ስለማይቀር፣ ከልክሎ ከማስቀረት ይልቅ በአዋቂ ዓይን ሥር ማስተማሩ ይሻላል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ችግሮች በልጁ ላይ ይታያሉ፤ መንስኤያቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ልጁ ውኃ ከመግባቱ በፊት አዋቂው ባዘጋጀው ወይም ሳያዘጋጅ በተወው ነገር ስለሆነ፣ ልጁን ከመገሠጽ በፊት ዝግጅቱን መመርመር ይገባል።

ልጁ የታንኳውን ጠርዝ አጥብቆ ይይዛል፤ መቅዘፊያውንም አያነሣም

ይህ እንደ ፈሪነት ቢቆጠርም እውነተኛው መንስኤ ልጁ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን አለማወቁ ነው። ስለዚህ ታንኳውን ለጥቂት ቀናት ትቶ፣ ውኃው ከልጁ ወገብ በማያልፍበትና መሬቱ ጠንካራ በሆነበት ቦታ በጀርባው መንሳፈፍን ማስተማር ያስፈልጋል። አስተማሪው እጁን ከልጁ ጀርባ ሥር ያደርጋል፤ ልጁም ጆሮዎቹ ውኃ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ራሱን ያሳርፋል፣ ሆዱን ወደ ላይ ይገፋል፣ ደረቱንም በአየር ይሞላል። ራሱን ቀና ባደረገ ቁጥር እግሮቹ ስለሚሰጥሙ፣ ይህን ደጋግሞ በራሱ ሰውነት እንዲያየው መተው ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። ቀጥሎ ላይፍ ጃኬት ለብሶ፣ እዚያው ወገብ በሚያህል ውኃ ውስጥ፣ ሆን ብሎ ከታንኳው እንዲወድቅና ተመልሶ ታንኳውን እንዲይዝ ይደረግ። በእኔ እምነት ከትምህርቱ ሁሉ ዋናው ይህ ነው፤ መውደቅን የለመደ ልጅ እጁን ከጠርዙ ያለ ልመና ይለቃል።

ታንኳው አንድ ቦታ ላይ ይሽከረከራል

ልጁ በሚቀናው ጎን ብቻ እየቀዘፈ ነው፤ ወይም የአዋቂ መቅዘፊያ ዘንግ ተሰጥቶት በሁለቱም ጎን ማፈራረቅ ከብዶታል። ለቁመቱ የሚስማማ አጭርና ቀላል ዘንግ ይዘጋጅለት፤ መካከል ላይ ይቀመጥ፤ የሚያየውም የዘንጉን ጫፍ ሳይሆን ማዶ ያለ አንድ ዛፍ ይሁን።

ታንኳው ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ ወደ ጎንም ያጋድላል

ከደንገል፣ ማለትም ሐይቁ ዳር ከሚበቅል ሸምበቆ መሰል ተክል፣ ታስሮ የሚሠራ ታንኳ የሚንሳፈፈው እንደ ሳንቃ ጀልባ ውኃውን ወደ ውስጥ እንዳይገባ አግዶ ሳይሆን፣ ደንገሉ ራሱ በውስጡ አየር ስለያዘ ነው። ውኃ ላይ በቆየ መጠን እየጠጣ ይከብዳል፣ ዝቅም ይላል። ለልጅ ትምህርት አሮጌና የማይፈለግ ታንኳ የመስጠት ልማድ ስላለ ይህ ችግር ይደጋገማል። በደንብ የደረቀ ታንኳ ይመረጥ፤ ከትምህርት በኋላም ከውኃ ወጥቶ ቀጥ ብሎ እንዲቆምና ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ይደረግ። ማሰሪያው የላላ ታንኳ ደግሞ እስኪጠብቅ ድረስ ልጅ አይውጣበት።

ልጁ እየቀዘፈ ነው፤ ዳርቻው ግን ይርቃል

መንስኤው ከመሬት ወደ ሐይቁ የሚነፍስ ነፋስ ነው። ይህ ነፋስ አሳሳች ነው፤ ከዳርቻው ስለሚነሣ ቅርብ ያለው ውኃ ጸጥ ያለ ይመስላል፣ ሞገዱ የሚታየው ራቅ ካሉ በኋላ ነው። በሐይቅ ዳር ሌሊትና ማለዳ ነፋሱ ከመሬት ወደ ውኃ፣ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ደግሞ ከውኃ ወደ መሬት የመንፈስ ጠባይ አለው። ስለዚህ የማለዳው ውኃ ለትምህርት የተመቸ ቢሆንም፣ ጸጥታው ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ከመውጣት በፊት ጥቂት ደረቅ ሣር ወደ ላይ በትኖ የት እንደሚወድቅ ማየት፣ ከዚያም ቅጠል ውኃው ላይ ጥሎ ወዴት እንደሚሄድ መከታተል ይገባል። ወደ ሐይቁ ከሄደ ትምህርቱ ዳር ላይ ብቻ ይሁን። ለጀማሪ ልጅ ረጅም ገመድ ከታንኳው ጋር ታስሮ ሌላው ጫፍ በአዋቂ እጅ ይቆይ፤ ገመዱ ግን በፍጹም ከልጁ ሰውነት ጋር አይታሰር። ከፍ ያሉት ልጆች ጉልበታቸው ትኩስ ሳለ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበሉ እንዲወጡ፣ ሲደክሙ ነፋሱ እየገፋቸው እንዲመለሱ ይለማመዱ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ትምህርቱ ይቁም፤ ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ኖሮት በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በነፋስ የሚነሣው ሞገድ አጭርና ተደራራቢ ነው፤ ታንኳንም በቀላሉ ይገለብጣል።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ከነፋስ በተጨማሪ የውኃው ስበትና ጉማሬ ስላሉ፣ ቦታው ለልጆች ትምህርት አይሆንም።

ላይፍ ጃኬቱ እስከ አገጩ ይወጣል

የአዋቂ ጃኬት ነው፤ ወይም ማሰሪያው አልጠበቀም። ልጁ እጆቹን ወደ ላይ ያንሣ፤ አዋቂው ጃኬቱን ከትከሻው ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ጆሮው ድረስ ከመጣ ለዚያ ልጅ አይሆንም። ለትንንሾቹ በእግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይመረጣል። ባዶ ጀሪካን የልጅን ፊት ከውኃ በላይ ስለማይዝ በጃኬት ምትክ አይቆጠርም።

ልጁ ወድቋል፤ ድምፅ ግን አይሰማም

እየሰጠመ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም፤ አፉ ከውኃ በላይ የሚቆየው ለትንፋሽ እንኳ በማይበቃ ጊዜ ስለሆነ መጣራት አይችልም። ራሱ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ፣ እጆቹ ውኃውን ወደ ታች እየተጫኑ፣ ሳይንቀሳቀስ ቀጥ ብሎ ከታየ ወዲያውኑ መድረስ ያስፈልጋል። ለዚህም አንድ አዋቂ ሥራው መመልከት ብቻ እንዲሆን፣ ስልኩንም ወሬውንም እንዲተው አስቀድሞ ይወሰን።

ረዳቱ ዘንግ ይዘርጋ፤ ካልደረሰ ገመድ የታሰረበት ባዶ ጀሪካን ይወርውር። መዋኘት የማይችል ሰው ተከትሎ ከገባ ሁለት ሰው ይጠፋል። የወጣውን ልጅ ዘቅዝቆ ማንጠልጠልና ሆዱን መጫን ጊዜ ያባክናል፤ ትውከቱም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ በአፉ ትንፋሽ መስጠት ይቅደም፤ ከዚያ የደረቱን መካከል 30 ጊዜ መጫንና 2 ትንፋሽ መስጠት እየተፈራረቀ እርዳታ እስኪደርስ ይቀጥል። ቢነቃም እንኳ ጤና ተቋም ሳይታይ ወደ ቤት አይመለስ።

ልጁ ይንቀጠቀጣል፤ ከወጣም በኋላ ቆዳውን ያሳክከዋል

ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ስለሚወስድ፣ ከንፈሩ ሲጠቁር ወይም ንግግሩ ሲጎተት ትምህርቱ አብቅቷል፤ ይድረቅ፣ ጋቢ ይልበስ፣ ትኩስ ነገር ይጠጣ። ማሳከኩ ግን የቢልሃርዝያ ትል በቆዳው መግባቱን የሚያመለክት ሊሆን ይችላል። ትሉን የሚያሰራጩት ቀንድ አውጣዎች ሣር በበዛበትና ውኃው በተኛበት ዳር ስለሚገኙ፣ ትምህርቱ ሣር የሌለበትና ውኃው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ላይ ቢሆን አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ከታየ፣ ልጁ ሐይቅ ውስጥ ይገባ እንደነበር ለባለሙያው ተነግሮ ሰገራው ይመርመር፤ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በክብደቱ ልክ ይታዘዝለታል።