ልጁ ለምን ይሳሳታል? የክፍልፋይ፣ የአስርዮሽና የስፋት ስህተቶች ከነመንስኤያቸው

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ሲጽፍ አብዛኞቻችን ያለን መድኃኒት አንድ ነው፦ «ተሳስተሃል፤ መጀመሪያ ታህቶቹን አመሳስል።» ልጁ ለዚያን ዕለት ያመሳስላል። በሳምንቱ 2/5 ተመልሶ ይመጣል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ላይ ልክ የሆነ ሐሳብ ይዞ ነው የመጣው። ያንን ሐሳብ ሳያገኙ ማረም አረሙን ከላይ አጭዶ ሥሩን እንደ መተው ነው።

ላይ ከላይ፣ ታች ከታች

የዚህን ስህተት መንስኤ የምናስተምረው እኛው ነን። ልጁ በመጀመሪያው ፈተና ከ10 8፣ በሁለተኛው ከ20 15 ያገኛል። መምህሩ ይደምርና «ከ30 23» ብሎ ይጽፍለታል። እንግዲህ በልጁ ዓይን ፊት 8/10 እና 15/20 ተደምረው 23/30 ሆነዋል፤ ያውም ማንም ስህተት ነው ሳይለው። በማግስቱ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያንኑ ሲያደርግ ኤክስ ይደረግበታል። ግራ ቢገባው ምን ይገርማል?

ልዩነቱ «ሙሉው» ላይ ነው። በፈተና ውጤት ሙሉው ራሱ ያድጋል፤ 10 ጥያቄና 20 ጥያቄ 30 ጥያቄ ይሆናሉ። በክፍልፋይ ድምር ግን ሙሉው ያው አንድ ዳቦ ነው፤ ግማሹን በላሁ፣ ከዚያ የሙሉውን ዳቦ ሲሶ ደገምሁ። ይህንን በግልጽ ንገሩት፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉለት።

ከዚያ ልጁ እርሳስ ከማንሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ መልሱ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ግማሽ ላይ ሌላ ነገር ተጨምሮበት ከግማሽ ሊያንስ አይችልም። 2/5 ደግሞ ከአንድ ብር 40 ሳንቲም ነው፣ ግማሽ ብር ግን 50። ልጁ በራሱ መልስ ፈገግ ካለ ከባዱ ሥራ አልቋል። አሁን ባለ ስድስት ሳጥን የወረቀት ቁራጭ ስጡት፤ ግማሹ 3 ሳጥን፣ ሲሶው 2 ሳጥን፣ ድምሩ 5/6። ትንሹ የጋራ ብዜት የሚለው ስም ከዚህ በኋላ ቢመጣ ይደርሳል።

ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ለሚዘጋጁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በምርጫ ጥያቄ ላይ 2/5 ብዙ ጊዜ ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ይቀርባል፤ ጥያቄ አውጪዎች ይህን ስህተት በደንብ ያውቁታል። ልጁ የራሱን መልስ በምርጫው ውስጥ ስላገኘው ብቻ ልክ ነኝ ብሎ ያልፋል።

1/4 ከ1/3 ይበልጣል የሚል

አራት ከሦስት ስለሚበልጥ ነው። አያት ካለ ሥራውን ለእርሳቸው ተዉት። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ጭሰኛው ከምርቱ እርቦ (ሩቡን)፣ ሲሶ፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ይሰጥ ነበር። «አንተ ጭሰኛ ብትሆን የትኛውን መክፈል ትመርጣለህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

0.35 ከ0.4 ይበልጣል የሚል

ከነጥቡ በኋላ ያለውን እንደ ሙሉ ቁጥር ስለሚያነበው ነው፤ 35 ከ4 ይበልጣልና። በብር አስሉት። 0.4 ብር 4 ሳንቲም ነው ቢላችሁ አትደንግጡ፤ አንድ ብር ለአሥር ሲካፈል ለአንዱ 10 ሳንቲም እንደሚደርስ አሳዩት፤ የአራቱ ድርሻ 40 ነው። ሳንቲም ግን ከሁለት አሃዝ በላይ አያስኬድም። ለ0.125 ዜሮ እየጨመሩ ርዝመቱን ማስተካከል ይሻላል፤ 0.125 እና 0.400 ሲጻፉ ክርክሩ ያበቃል።

የዚህ ዘመድ የሆነ ስህተት አንድ ሰዓት ተኩልን 1.30 ብሎ መጻፍ ነው። ሰዓት የሚከፈለው ለ60 ነው፣ አስርዮሽ ግን ለ10 እና ለ100፤ ስለዚህ ትክክለኛው 1.5 ነው።

6 ÷ 1/2 = 3

እዚህ ላይ የሚያሳስተው ቋንቋው ነው። «ግማሽ» ከ«ማካፈል» አጠገብ ሲውል ጆሯችን «እኩል ለሁለት» ብሎ ይሰማዋል። «ገልብጠህ አባዛ» የሚለው ሕግ መልሱን ያመጣል፣ ግን ምንም አያስረዳም። ጥያቄውን ቀይሩት፦ በስድስት እንጀራ ውስጥ ስንት ግማሽ እንጀራ አለ? 12 ለማለት ሕግ አያስፈልገውም።

ስፋትና ዙሪያ የሚቀላቀልበት

በመጽሐፍ «ስፋት» ማለት ርዝመት በወርድ ነው። በቤት ግን «የክፍሉ ስፋት 4 ሜትር ነው» እንላለን፤ ወርዱን ማለታችን ነው። «ካሬ»ም እንዲሁ የቅርጽ ስምም የመሬት መለኪያም ነው፤ ስለዚህ «200 ካሬ ቦታ» ሲባል ጎኑ 200 ሜትር የሆነ ካሬ የሚመስለው ልጅ ገጥሞኛል። መድኃኒቱ ሁለቱን ቃላት ለይቶ ማጥራት፣ ከዚያም ቦታ መሳል ነው። 10 በ20 የሆነ ቦታ 200 ካሬ ሜትር ነው፤ 5 በ40 የሆነም 200 ካሬ ሜትር ነው። አጥር ሲታጠር ግን የመጀመሪያው 60 ሜትር፣ ሁለተኛው 90 ሜትር ይፈጃል። እኩል መሬት፣ የተለያየ የአጥር ወጪ፤ ይህን ያየ ልጅ ስፋትንና ዙሪያን ቶሎ አያምታታም።

የጎነ ሦስት ከፍታ

ጎኖቹ 5፣ 5 እና 6 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ጎነ ሦስት ስጡትና ስፋቱን ጠይቁት። 15 ካላችሁ ዘንበል ያለውን ጎን ከፍታ አድርጎታል፤ ከፍታው 4፣ ስፋቱም 12 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ክር ላይ ጠጠር አስሩና እንደ ግንበኛ ቱንቢ ከጫፉ አውርዱለት፤ ከፍታ ማለት ቱንቢው የወረደበት መስመር ነው። ቱንቢው ከጎነ ሦስቱ ውጭ የሚወርድበት ጊዜም አለ፤ ጎበዞቹም የሚሰናከሉት እዚያ ላይ ነው። ያን ጊዜ መሠረቱን በነጠብጣብ አስረዝሙለትና ከፍታውን እስከዚያ ይለካ። ስሌቱ ውስጥ የሚገባው መሠረት ግን የመጀመሪያው ነው፤ ነጠብጣቡ አይቆጠርም።